በሸማኔው ጉድጓድ የከረመው ቄስ

ደብረ ብርሃን ከቤቴ ወደ ገበያ ስወርድ መንገዱ ዳር አንድ ወጣት ሸማኔ አለ፤ በበሩ ሳልፍ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሮጥ፣ መምቻውም ቋ፣ ቋ እያለ ማጉን ከድሩ ጋር ሲያጠባብቅ ስሰማ፣ እግሬ ሳላዘው ይቆማል፣ ድምፄም ወርዶ ሹክሹክታ ይሆናል። ባለፈው ሰሞን ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ስለ ሰው ሠርግ እየተጯጯህን ስንወርድ፣ እዚያ በር ላይ ድንገት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ መንሾካሾክ ብጀምር፣ ሙሽራይቱ አንድ ነገር የሆነች መስሏት ክው ብላ ቀረች። ምን ብዬ ላስረዳት? ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላው የቀረበ ክረምት፣ አንድ የሸማ ዕቃ በተመታ ቁጥር ተመልሶ እየመጣ በሩን ይዘጋብኛል ብላት፣ ከሠርጉ ወሬ ይልቅ ያንን ይዛ ሰፈሩን ትዞርብኝ ነበር።

ያደግሁት አንኮበር ነው። አንኮበርን ያላየ ሰው ቁልቁለት አየሁ ባይል ይሻለዋል፤ በኛ ሰፈር ዶሮ ዕንቁላል ስትጥል ፈጥኖ ያልያዘ ሰው፣ ያንኑ ዕንቁላል አልዩ አምባ ገበያ ወርዶ ከነጋዴ እጅ ይገዛዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ከቆላው እየተነሣ ሽቅብ ይመጣና ዝግባውን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ይውጠው ነበር፤ እናቴ በጉም ምክንያት ሁለት ጊዜ የሰው ላም አስገብታ አስራ አሳድራለች፣ ዋሸሁ እንዳትሉኝ። ቤታችን መስኮት የሌለው፣ አንድ በር ብቻ ያለው ክብ ጎጆ ሲሆን፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል የአባቴ የሸማ ዕቃ ተተክሎ፣ ከሥሩ እግሩን ሰድዶ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር። አባቴ ደስታ ይባል ነበር፤ ሰው ግን ሸማኔው ነበር የሚለው። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ከቁመቱም ያጠረ ሰው ነበር፤ እኔ በአንድ ቀን የምናገረውን እሱ በዓመት ቢናገረው ከድካሙ የተነሣ ዓመቱን ሙሉ ይተኛ ነበር።

አባ ክንፈ የመጡት በሰኔ፣ ዝናቡ ገና አፉን ሲከፍት ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የፈረንጅ አባቶች ከሸዋ ይውጡ ተብሎ ታዞ እነሱ ሲሄዱ፣ ከእነሱ ዘንድ ተምረው የካቶሊክ ቄስ የሆኑት አባ ክንፈ የሰላ ድንጋይ ገበሬ ልጅ ነበሩና፣ በመልክ የሚለያቸው ነገር ሳይኖር አገር ውስጥ ቀርተው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ሰው ያስተምሩ ነበር። የሚያስተምሩትም ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ እንጨት ተሸካሚዋን፣ ባሏ የሞተባትን ነበር እንጂ ባለ ጋሻውንና ባለ በቅሎውን አልነበረም። እኛን የመሰለው ሰው ደብሩ ቅጥር ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆሞ ዜማውን ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ዜማው ያማረ ነበር፣ ዛሬም ስሰማው ሆዴ ይባባል፤ ነገር ግን ግእዝ ነውና የሚደርሰን ድምፁ ነበር እንጂ ነገሩ አልነበረም። ቁርባኑንም ሕፃናትና ሽማግሌዎች ይቀበሉ ነበር እንጂ፣ እንደ አባቴ ያለ ጎልማሳ «እኔ ማን ነኝና» ብሎ ከሩቅ ሰግዶ ይመለስ ነበር። አባ ክንፈ ግን ቅዳሴውን ቀድሰው ወንጌሉን በአማርኛ እየመለሱ ያነቡ፣ ጸሎቱን ቃል በቃል ያስረዱ፣ ንስሐ የገባውን ሁሉ ጎልማሳ ወጣት ሳይሉ ያቆርቡ ነበር።

በመጡ በማግሥቱ እናቴን አባታችን ሆይን በአማርኛ ሲያስጠኗት፣ መሐል ላይ አስቆመቻቸው።

«አባ፣ ይኸ ‹የዕለት እንጀራችንን ስጠን› የሚለው ድሮም ነበረበት?»

«ነበረበት እንጂ፣ ልጄ። በግእዝ ስትደግሚው ኖረሻል እኮ።»

«ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግዜርን እንጀራ እየለመንኩ፣ መለመኔን ሳላውቅ ጎረቤት ስለምን ኖርኩ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋም ሳያልቅ አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ መጀመሪያዬ ነበርና፣ አባ ክንፈ የመቷት መስሎኝ ዱላ ፍለጋ ሮጥኩ።

የመጡት ለሁለት ቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ ጠፋ፣ በዚያውም ላይ የገዢው ሰዎች የካቶሊክ ቄስ በአገሩ አለ መባሉን ሰምተው በየመንገዱ ይፈልጋሉ የሚል ወሬ ደረሰን። አባቴ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ብዙ ካሰበ በኋላ «እኚህ ሰው ከኛ ቤት ቢገኙ እሳቸው በሰንሰለት ይታሰራሉ፣ እኛም ቤታችን ፈርሶ ከአገር እንባረራለን» አለ፤ በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ አባቴም፣ እናቴም፣ አባ ክንፈም አንድ ላይ ዞረው እኔን አዩኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አፌ በሰፈሩ የታወቀ ነበር፤ የጎረቤት ድመት ወለደች ብዬ ከቤት ከወጣሁ፣ ገበያው አፋፍ ስደርስ ድመቷ ነብር ሆና፣ ግልገሎቿም ሁለት ሰው በልተው ነበር።

«ይህቺ ልጅ ከዚህ በር ከወጣች ነገ ደብረ ብርሃን ይሰማል» አለች እናቴ።

«እምዬን ያሳጣኝ፣ አልናገርም!»

«መናገሩንስ እችለው ነበር፤ የምትጨምሪው ነው የሚገድለን!»

እንግዲህ ምን ተደረገ መሰላችሁ፣ ብርቄን፣ እኔን ማለት ነው፣ ኩፍኝ ያዛት ተባለ። ኩፍኝ ካለበት ቤት ሰው አይገባም፣ ኩፍኝ የያዘውም ልጅ ከቤት አይወጣምና፣ እናቴ በአንድ ድንጋይ መግቢያውንም መውጫውንም ዘጋች። እኔ ጤነኛይቱ፣ ላም የማሳድድ ጉልበተኛ፣ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ኩፍኛም ሆኜ ከግድግዳው ጥግ ተኛሁ።

ሐምሌ እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ዝናቡ ሣር ክዳኑን ሌት ተቀን ይደበድበው ነበር፣ ጢሱ መውጫ አጥቶ ከራሳችን በላይ እንደ ሁለተኛ ጣራ ይንጠለጠል ነበር፣ እኔም ከጭቃው ግድግዳ ውስጥ በጣቴ ፈልፍዬ ባበጀኋት ቀዳዳ አንድ ዓይኔን ለጥፌ ውጭውን እያየሁ እውል ነበር። በቀዳዳዋ የሚታየው ግማሽ ግራዋ፣ የአጥር ጫፍ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ልጆች እግር ነበር፤ እየሣቁ ሲሮጡ እግራቸው አልፎ ሣቃቸው ከኋላ ይደርስ ነበር። ከታሰርንባቸው ቀኖች ብዛት ግድግዳዎቹ በየሌሊቱ ስንዝር ስንዝር እየገቡ የሚጠጉን ይመስለኝ ስለ ነበር፣ ጧት ጧት ከአልጋዬ እስከ ምሰሶው ያለውን በእግሬ እለካ ነበር። እናቴም ወጥታ አትጫወትም፣ ሰው ጠርታ አታጫውትም።

አባ ክንፈ ደግሞ ከሁላችንም የባሰው እስር ነበረባቸው። አባቴ የሸማ ዕቃውን ጉድጓድ ወደ ጎን አስፍቶ፣ አፈሩን በጎርፍ ሰድዶ፣ ሰው የሚቀመጥበት ዋሻ አደረገው፤ ከውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እሳቸው እዚያ ገብተው ይጎነበሱ፣ አባቴም ከላይ ተቀምጦ እግሩን እንደ ልማዱ ይሰድድ ነበር። ቁመታቸው የዝግባ ያህል ነበር፤ ሲገቡ እንደ ሸማ አራት ታጥፈው፣ ሲወጡም መዘርጋት እየተሳናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ግማሽ ሰው ሆነው ይውሉ ነበር። ሁለታችን እስረኞች ስለ ሆንን ተወዳጀን። በገል ላይ በከሰል ፊደል እየጻፉ ያስቆጥሩኝ ነበር፣ ወንጌሉንም በአማርኛ ሲነግሩኝ እኔ እዚያም ላይ እጨምርበት ነበር። ስለ አምስቱ እንጀራና ስለ ሁለቱ ዓሣ ሲነግሩኝ «ወጡስ ምን ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ የውጭ ኮቴ መሰማቱን ረስተው ሲሥቁ አባቴ በእግሩ ጫን አደረጋቸው።

ጎረቤታችን እትዬ የሺ በልጅነቷ ኩፍኝ ያልወጣላት ሴት ነበረችና አጥር አልፋ አትገባም፤ ግን አጥሩ ዳር ቆማ እናቴን ትጠይቃት ነበር።

«ወለቴ! ልጅቷ ተሻላት?»

«ደህና ናት እትዬ፣ ትንሽ ቀርቷታል!»

«ይኸ ኩፍኝ ነው ወይስ ባለ ርስት? ከሰኔ ጀምሮ ተተክሎ ቀረ እኮ!»

ከተዘጋው ቤታችን የሚገቡት ስድስት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ አለቃቸው እማማ ድንቄ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፣ ሁሉም ኩፍኝ ያለፈባቸው፣ ሁሉም የአባ ክንፈ ተማሪዎች። ሴት ፈትሏን ይዛ ሸማኔ ቤት ብትሄድ ማንም የት ነሽ አይላትምና፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ገና ወገግ ሲል ቅርጫታቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አባ ክንፈ በዝቅታ ሲቀድሱ፣ ሴቶቹም በአማርኛ ሲመልሱ፣ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አባቴ ዕቃው ላይ ተቀምጦ ቋ፣ ቋ ያደርግ ነበር። የሚመታው ባዶውን ነበር፤ በክረምት የሚፈተል ጥጥ ስለሚጠፋ ድሩም ማጉም ካለቀ ሰንብቷል፣ የሴቶቹም ቅርጫት ከላይ ጥጥ፣ ከታች ባዶ ነበር። እማማ ድንቄ በዚያ ዕድሜያቸው መጀመሪያ የቆረቡ ቀን፣ እጃቸው ከጭቃ ጋር ኖሮ የተሰነጣጠቀ ነበርና፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው «እኔም እንዲህ ቀርቤ?» ሲሉ ትዝ ይለኛል። አባ ክንፈም «አዳምንም የሠራው እኮ ከጭቃ ነው፣ እማማ» አሏቸው።

ነሐሴ ገብቶ የፍልሰታ ጾም ሲያዝ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ለቁርባን ወደ ደብሩ ሲወጣ፣ በቀዳዳዬ የሚያልፈው እግር በዛ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ አለቀስኩ። ጾሙ ሲፈታ፣ በእመቤታችን በዓል ቀን፣ ሴቶቹ «እንደ ሌላው ክርስቲያን በበዓሏ ቀን እንኳ እንቀድስ» ብለው ስለ ለመኑ አባ ክንፈ እሺ አሉ። ጧት ሁሉም መጡ። ቅዳሴው ተጀመረ። አባቴም ሲያደርገው እንደ ከረመው፣ ዕቃው ላይ ተቀምጦ መምታት ጀመረ።

ቋ። ቋ። ቋ።

የበዓል ቀን! የደብሩ ደወል ሲደወል፣ አገሩ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ሥራ ሲፈታ፣ የአንድ ሸማኔ ዕቃ ብቻውን በሰፈሩ መሐል ይመታ ነበር። ከአገሩ ተለይተን ተዘግተን ከመክረማችን የተነሣ፣ ከውስጥ የሚወጣውን ድምፅ መደበቁን እንጂ መደበቂያው ራሱ ከውጭ እንዴት እንደሚሰማ ያሰበ አልነበረም። እኔ ብቻ፣ በቀዳዳዬ ነጫጭ እግሮች ከቅዳሴ ሲመለሱና አጥራችን ዳር ሲደርሱ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አየሁ። የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩ።

«እምዬ...»

«ዝም!»

«እምዬ፣ ዕቃው...»

«ዝም በዪ ብዬሻለሁ!»

ዝም አልኩ። ክረምቱን ሙሉ ዝም በዪ ስባል ቆይቼ፣ መናገር በሚገባኝ በዚያች ቀን ዝም ማለትን ቻልኩበት።

ብዙ ሳይቆይ ውጭ እትዬ የሺ «ስሙልኝ ጎበዝ! በእመቤታችን ቀን!» ስትል ተሰማ፤ ቀጥሎም መምሬ ሀብቴ፣ የሰፈራችን ቄስና የአባቴ የንስሐ አባት፣ በሩን በመቋሚያቸው መቱት። አባ ክንፈ ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ሴቶቹ ገና መቁረባቸው ስለ ነበር፣ እንደ ቆራቢ ወግ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እንደ ተደረደሩ ቀሩ። እትዬ የሺና ከኋላዋ የቆሙት ሁለት ሽማግሌዎች ኩፍኙን ፈርተው ከአጥሩ ውጭ ሲቀሩ፣ መምሬ ሀብቴ ብቻ ጎንበስ ብለው ገቡ።

«ደስታ!»

«አቤት፣ አባቴ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

አባቴ ያኔ ገባው።

«የእመቤታችን ቀን ነው፣ አባቴ።»

«ሸማ ስትመታ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሠርተሃል ወይስ አልሠራህም?»

አልሠራሁም ቢል፣ ታዲያ ምን ነበር የምትመታው ሊባል ነው። ሠርቻለሁ ቢል በዓል ሻሪ ተብሎ በአደባባይ ሊቆጠር፣ ከሰው ሊለይ ነው፤ ያውም በሕይወቱ አንድ የማርያም ቀን ሽሮ የማያውቀው ሰው። አባቴ ጉድጓዱን ላለማየት አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየ፣ እናቴን አየ፣ መጨረሻ እኔን አየኝ።

«ሠርቻለሁ፣ አባቴ። ይፍቱኝ።»

መምሬ ሀብቴ ወደ ሸማ ዕቃው ጠጋ አሉ። ዓይናቸው ዕቃው ላይ አረፈ፤ ድር የለም፣ ማግ የለም፣ ባዶ እንጨት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረ፤ ስድስት የተሸፈነ አፍ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያቆርቡ የኖሩ ካህን ያንን አሸፋፈን ሳያውቁት አይቀሩም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ? ኩፍኙ እንዴት ሆነ?»

«ትናንት ከሰማይ ኮከብ ይበዛ ነበር፣ አባቴ፤ ዛሬ ጧት በዓል ነው ብሎ ረግፎ አለቀ።»

ጢማቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው፣ ውጭ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ አድርገው «ደስታ ሸማኔ በእመቤታችን ቀን ሠርቷል! አምኗል! እስከ መስቀል ከደብሩ ቅጥር እንዳይገባ፣ ስግደትም ይስገድ!» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሳያነሡ፣ «መስቀል ሲሆን ወንዙ ይጎድላል። ያን ጊዜ መንገደኛ ያለው ሰው ይሸኝ» ብለው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

አባ ክንፈ አፈር ለብሰው ከጉድጓዱ ወጡ።

«ደስታ፣ ልውጣና ልናገር። ያልሠራኸውን ኃጢአት አትሸከምም።»

«እርስዎ ከወጡ ስድስት ሴቶች አብረው ይወጣሉ፣ አባ።»

«ስምህስ?»

«ድሮስ በስሜ የሚጠራኝ ማን ነበር?» አለ አባቴ።

መስከረም ጠብቶ፣ ደመራው ነድዶ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ አባ ክንፈ የሸማ ሸክም ተሸክመው እንደ ነጋዴ ከቆላ ወራጆች ጋር ሊሄዱ ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት ከፊቴ ተንበርክከው «ብርቄ፣ ክረምቱን ሙሉ አሳሰርኩሽ፤ ይቅር በዪኝ» አሉኝ። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲለምነኝ ያ መጀመሪያዬም መጨረሻዬም ነው። «ግድ የለም አባ፣ ያሰረኝ ኩፍኝ ነው» አልኳቸው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጉሙ ከጉልበታቸው ጀምሮ ዋጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

በሩ ተከፈተልኝ፣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፣ አበባው ሜዳውን ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን እስሩን ይዤው ወጣሁ። ልጆቹ «የበዓል ሻሪ ልጅ!» ሲሉኝ፣ መልሱ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ነክሼ መዋጥ ነበረብኝ። አባቴ መስቀል ካለፈ በኋላም ወደ ደብሩ ሲሄድ ከድሮው ዛፍ ርቆ ይቆም ነበር። እግዜርን የምትፈራ ሴት ፈትሏን ለበዓል ሻሪ አትሰጥምና፣ ጥቅምትና ኅዳር ሥራ ሳናገኝ ባዝነን፣ በበጋው ጓዛችንን ይዘን ወደ ደነባ ሄድን፤ ስሙ ግን ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀን። «ሸማኔው» የነበረው «በዓል ሻሪው» ሆነ፣ አባቴም ይህን ስም ሲሰማ ዞር ብሎ «አቤት» ይል ነበር። ክፉ ቀን መጥቶ ከብቱንም ሰዉንም ሲጠርግ እሱም ሞተ፤ ያን ቀን ዕቃውን ለምን እንደ መታ ለማንም ሳይነግር።

ዛሬ እንደዚያ ያለው ጸሎት በሩ ተከፍቶ ይጸለያል፤ ወንጌሉም በአማርኛ ሲነበብ እሰማለሁ፣ ሸክላ ሠሪዋም ቀርባ ስትቆርብ አያለሁ፣ ልጆቹም ጮክ ብለው ይዘምራሉ፣ የሚሸፍንላቸው ዕቃ የሚመታም የለም። የሚጎዳ ሰው እንደሌለ ሳውቅ፣ የአባቴን ዘመዶችና የደነባን ሽማግሌዎች ሰብስቤ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ ዕቃው ባዶ ነበር፣ አባቴ አንድ ክር እንኳ አልሠራም አልኳቸው። በሕይወቴ አንድ ነገር እንኳ ሳልጨምር የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ እስኪደክማቸው ሣቁ። «ብርቄ ደግሞ ጀመራት! ቄስ በጉድጓድ! ኩፍኝ ሦስት ወር!» እያሉ አንዱ ለአንዱ አቀበለው፣ ዛሬም በየሠርጉ እንደ ቀልድ ያስነግሩኛል። ያኔ አንዲት ቃል ብተነፍስ አገሩ ሁሉ ያምነኝ ነበርና በር ተዘጋብኝ፤ ዛሬ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እንደ ልቤም እናገራለሁ፣ የሚያምነኝ ግን የለም፤ አባቴም በደነባ መቃብሩ ውስጥ እስካሁን በዓል ሻሪው ነው።